ከቀጥቃጩ ምላጭ እስከ ወታደሩ መስተዋት፦ የጺም መላጨት ታሪክ በቤተ እስራኤል ቤት

ስለ ቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች የጻፉ ሰዎች ማረሻን፣ ማጭድን፣ መጥረቢያንና የጦር ብረትን ይዘረዝራሉ። ምላጭን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው፤ ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ከወናፉ አጠገብ ከሚወጣው ሥራ ሁሉ በሰው ገላ ላይ የሚያርፈው እርሱ ነበር። ሕፃኑ በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ፣ የልጁ ራስ ቁንጮ ተትቶለት ሲላጭ፣ አራስ ወደ ቤቷ ልትመለስ ስትል ምላጭ ይፈለጋል። ዛሬ ይህን ታሪክ ለማንሣት የተነሣነው ግን ስለ አሮጌ ዕቃ ለማውራት ብቻ አይደለም። ከልጆቻችን መካከል ሠራዊት ገብተው አገጫቸውና አንገታቸው ቆስሎ ለዕረፍት የሚመጡ ስላሉ፣ ምክንያቱም በየቤቱ በደንብ ስለማይታወቅ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪካችን መሠረት በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው አፄ ይስሐቅ ሃይማኖታቸውን ያልለወጡትን ከርስታቸው ነቀላቸው። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ያድራልና አባቶቻችን ብረት መቀጥቀጥን፣ ሽመናንና ግንበኝነትን፣ እናቶቻችን ሸክላን ያዙ። ምላጭ ከቀጥቃጭ ሥራዎች ውስጥ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ብረቱ በከሰል ፍም ይግላል፣ እስኪሳሳ ይቀጠቀጣል፣ እንደጋለ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይጠነክራል፣ ከዚያም በመሳያ ድንጋይ ላይ ቀስ እያለ ይሳላል። ከመጠን በላይ ከጠነከረ አፉ ይሸረፋል፤ ከለሰለሰም ቶሎ ይዶለዱማል። መኪና ወደ ጎንደር አገር ከገባ በኋላ የተሰበረ ባሌስትራ ለስለታም ዕቃ ጥሩ ብረት ሆኖ ተገኘ። ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት በእህል ወይም በገንዘብ ለውጦ ይወስዳል። ቀጥቃጩን ቡዳ ነው እያለ ዓይኑን የሚፈራው ሰው፣ ቀጥቃጩ የሳለውን ብረት በገዛ ጉሮሮው ላይ ያሳርፍ ነበር። ይህን ነገር ስንቱ አስተውሎት እንደሆነ እንጃ!

በመንደር ሰው ራሱን አይላጭም ነበር፤ መስተዋቱስ የት አለና? ወንድም ወይም ጎረቤት ይላጨዋል። ተላጪው ከደጅ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ጺሙ በውሃ ርሶ በጣት ረዘም ላለ ጊዜ ይታሻል። ሳሙና ከተገኘ ይጨመራል፤ ካልተገኘም ውሃው ይበቃል። ይህ መታሸት ትርፍ ነገር እንዳይመስለን። ጸጉር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳልም፤ ደረቅ ጸጉር ግን ለስለት እምቢ ይላል። ምላጭ የሚጠላ ደግሞ ወረንጦውን አውጥቶ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጺሙን አንድ በአንድ ይነቅላል።

ኦሪታችን መላጨትን ሁለት መልክ ሰጥቶታል። በአንድ በኩል ዮሴፍ ከእስር ቤት ወጥቶ ፈርዖን ፊት ከመቅረቡ በፊት ተላጭቷል (ዘፍጥረት 41)፤ ከለምጽ የነጻው ሰው በሰባተኛው ቀን ጺሙን ጭምር እንዲላጭ ታዟል (ዘሌዋውያን 14)፤ ሌዋውያንም ለአገልግሎት ሲለዩ ገላቸውን ሁሉ ተላጭተዋል (ዘኁልቍ 8)። በአገራችን እናት ወንድ ከወለደች 40፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን በመርገም ጎጆና በአራስ ጎጆ ቆይታ፣ በመጨረሻው ቀን ራሷን ተላጭታ፣ ልብሷን አጥባ፣ ወንዝ ወርዳ ተጠምቃ ወደ ቤቷ ትገባ የነበረው ከዚሁ የመንጻት ሥርዓት ጋር የሚስማማ ነው። በሌላ በኩል ዘሌዋውያን 19 የጺምን ጠርዝ ማጥፋትን ይከለክላል፤ ምዕራፍ 21 ደግሞ ይህንኑ ለካህናት ይደግመዋል። ቄሶቻችን ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጺማቸውን አሳድገው መታየታቸው የታወቀ ነው።

በዚህ መካከል የምላጩ ታሪክ ከእጃችን ወጣ። አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት በ1901 ኩባንያ አቋቁሞ፣ ሲዶለዱም የሚጣል ስስ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ከነመያዣው ለገበያ አወጣ። በ1903 የተሸጠው መያዣ 51፣ ምላጩም 168 ብቻ ነበር ይባላል፤ ፓተንቱን በ1904 አገኘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ በሚሊዮን የሚቆጠር መያዣ ገዛ፤ ራስን በራስ መላጨት የብዙ ወንዶች ልማድ የሆነውም ከዚያ ወዲህ ነው። ስሱ ምላጭ ኢትዮጵያም ገብቶ በየሱቁ በርካሽ ሲሸጥ የቀጥቃጩ ምላጭ ገበያ አጣ። ሌላ ነገርም አብሮ መጣ። አንድ ምላጭ ለቤተሰብ ሁሉ፣ አንዳንዴም ለጎረቤት ያገለግል ስለነበር፣ በኤድስ ዘመን የጤና ሠራተኞች ምላጭ መዋዋስን አጥብቀው አስጠነቀቁ። የጉበት በሽታም በዚሁ መንገድ ይተላለፋልና ማስጠንቀቂያው ዛሬም ይሠራል።

በ1984ና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ስንገባ ብዙ ልጆች በዓሊያት ሃኖዓር የሃይማኖት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ልጁ ለሻባት ሲመጣ አባቱ ምላጭ ይዞ ያገኘዋል። “አባባ፣ ይኼ እኮ ክልክል ነው” ይላል። አባትየው ኦሪቱን ያውቃል፤ ሚሽናን ግን አገሩ ሳለ አላየውም። ሚሽና በማኮት ክፍል፣ ምዕራፍ 3፣ ሰው በደለኛ የሚሆነው ጺሙን በምላጭ ሲያጠፋ ነው ይላል፤ ስለ ወረንጦ ግን ጠቢባኑ ተከራክረዋል። መቀስ ተፈቅዷል። በኤሌክትሪክ መላጫ ላይ ረቢዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ የሚፈቅዱት መኪናው እንደ መቀስ ይቆርጣል ይላሉ። በየቤቱ የነበረው ቅሬታ ግን ስለ ሕጉ ብቻ አልነበረም። በኢትዮጵያ አባት ነበር ለልጁ ሕግ የሚነግረው። እዚህ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ብዙ አባቶችም ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ስለ ውሃው፣ ስለ ስለቱና ስለ ቆዳው የሚያውቁትም ሳይነገር ቀረ።

ከዚያ ሠራዊት መጣ። የጺም ፈቃድ የሌለው ወታደር ተላጭቶ መገኘት አለበት። ጸጉሩ ጥቅልል የሆነ ወጣት እስከ ሥሩ ሲላጭ፣ የተቆረጠው ጸጉር ጫፉ እንደ እሾህ ሹል ሆኖ ይቀራል፤ ሲያድግም ታጥፎ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ቆዳው ያብጣል፣ ይመግላል፣ ጠባሳም ይተዋል። የንጽሕና ጉድለት አይደለም። አፍሪካዊ ጸጉር ባላቸው ወንዶች ዘንድ በጣም የተለመደ መሆኑን ሐኪሞች ያውቁታል፤ የአሜሪካ ጦርም ከጥቁር ወታደሮቹ ጋር በዚሁ ሲጨቃጨቅ ኖሯል። በ1971 ባለ ሁለት፣ በ1998 ባለ ሦስት ስለት መላጫ ሲወጣ ችግሩ ባሰ እንጂ አልቀለለም። የመጀመሪያው ስለት ጸጉሩን ይስበዋል፣ ተከታዩ ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። ለስላሳ ጉንጭ ብለው የሚያስተዋውቁት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚላጭ ልጅ ያለው ወላጅ እንዲህ ቢያሳየው መልካም ነው። ፊቱን በሙቅ ውሃ ጥቂት ደቂቃ ያርስ፣ ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ እስኪሆን ያሽ። ባለ አንድ ስለት መላጫ ይያዝ፤ ስለቱም አዲስ ይሁን። ጸጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ፣ ሳይጫን፣ ቆዳውንም ሳይወጥር ይላጭ። አንገት ላይ አቅጣጫው ስለሚለዋወጥ አስቀድሞ በጣቱ ይዳስስ። በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ አይመላለስ። በመጨረሻም ቀዝቃዛ ውሃ። ትንሽ ጸጉር ቢቀር ይቅር! ቆዳው አስቀድሞ ለቆሰለ ልጅ ግን ምላጭ ለጥቂት ሳምንታት መተው አለበት፤ ከዚያም አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የሚያስቀር መቁረጫ መኪና ይሻለዋል። ረቢዎቹ ለሕጉ ብለው የመረጡት የመቀስ አቆራረጥ ለልጆቻችን ቆዳም የሚስማማ ሆኖ መገኘቱ ያስደስተናል።

ለወታደሩ በጤና ምክንያት ከመላጨት ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ፣ ፕቶር የሚሉት፣ በሐኪም ሊሰጠው ይችላል። ሲሄድ ቁስሉ ሳይድን ይሂድ፤ ከተላጨ በስንተኛው ቀን እንደሚያብጥበት፣ ከሠራዊት በፊት ጺሙን ሲተወው ይድን እንደነበር ይናገር። ወረቀቱ የሚያገለግልበት ቀን የተወሰነ ሊሆን ስለሚችል ሳያልፍበት ያሳድስ፤ አዲስ አዛዥ ሲመጣም ከኪሱ አይለየው።