ከአንጎል ይወርዳል የተባለው ንፍጥ

የጌለንን ትምህርት የተከተሉ ሐኪሞች ለብዙ ምዕተ ዓመታት ንፍጥ ከአንጎል የሚወርድ ቆሻሻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህም ጉንፋን የያዘውን ሰው “ጭንቅላቱን ለማጽዳት” የሚያስነጥስ ዱቄት ያዙለት ነበር። የዊተንበርጉ ሐኪም ኮንራድ ቪክተር ሽናይደር ከ1660 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተመው፣ እጅግም በረዘመው መጽሐፉ፣ በአፍንጫ ጣሪያ ያለው ወንፊት መሰል አጥንት ከአንጎል ንፍጥ እንደማያሳልፍ፣ ምንጩም የአፍንጫው የውስጥ ሽፋን መሆኑን አስረዳ።

የሽፋኑ አገልግሎት በሚገባ የተጠናው ግን ቆይቶ ነው። በደም ሥር የበለጸገው ይህ እርጥብ ሽፋን አየሩን ሳንባ ከመድረሱ በፊት ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፣ አቧራውንም ያስቀርለታል። ዋጋው ጎልቶ የሚታየው ሲታለፍ ነው፤ አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በቱቦ የሚተነፍስ ሕመምተኛ፣ የሚስበው አየር ካልረጠበለት አክታው ይደርቃል፣ ቱቦውም ይደፈናል።