ሙት ወቃሾቹ፦ 17 ዓመት የፈጀው የቺኑክ ክርክር

እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1994፣ ወደ ማምሻው ላይ፣ አንድ የብሪታንያ አየር ኃይል ቺኑክ ሄሊኮፕተር ከሰሜን አየርላንድ ተነስቶ ወደ ስኮትላንድ አቀና። ያሳፈራቸው 25 ሰዎች በሰሜን አየርላንዱ ግጭት የለንደን ዓይንና ጆሮ የነበሩ የስለላ፣ የፖሊስና የጦር ባለሙያዎች ነበሩ። ሄሊኮፕተሩ በኪንታየር ባሕረ ገብ መሬት ጫፍ፣ ጭጋግ ከሸፈነው ኮረብታ ጋር ተላተመ። ከአራቱ የበረራ ሠራተኞች ጋር 29ኙም አለቁ።

ወታደራዊ ሄሊኮፕተሮችን የሚጥሉ ምክንያቶች አዲስ አይደሉም፦ ጭጋግና አቧራ፣ የሞተር ወይም የመቆጣጠሪያ ብልሽት፣ የጥገና ጉድለት፣ የሰው ስህተት። ዝቅ ብሎ መብረር ደግሞ ሥራቸው ነው፤ ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽ ለማረም የሚተርፈው ጊዜ ሴኮንዶች ብቻ ነው። ብዙ ጊዜም ምክንያቶቹ ተደራርበው ይመጣሉ።

በ1995 ግን ሁለት የአየር ኃይሉ ከፍተኛ አዛዦች መልሱን በአንድ ቃል ዘጉት፦ ከባድ ቸልተኝነት። ጥፋተኞቹ ሟቾቹ አብራሪዎች ጆናታን ታፐርና ሪቻርድ ኩክ ሆኑ። የአየር ኃይሉ የራሱ ደንብ የሞተ አብራሪ በቸልተኝነት የሚወቀሰው ቅንጣት ጥርጣሬ ከሌለ ብቻ ነው ይል ነበር። ሄሊኮፕተሩ ግን የበረራ መረጃም ሆነ የድምፅ መቅጃ አልነበረውም። የተረፈ ምስክርም የለም። በዚያው ሰሞን የመከላከያው የሙከራ አብራሪዎች በአዲሱ የሞተር መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ስጋት የተነሳ ይህንኑ የቺኑክ ዓይነት ማብረር አቁመው ነበር።

ቤተሰቦቻቸው ዝም አላሉም። በ1996 የስኮትላንድ ምርመራ፣ በ2002 ደግሞ የጌቶች ምክር ቤት ኮሚቴ ውሳኔውን አልተቀበሉትም። በ2011 በሎርድ ፊሊፕ የተመራ ገለልተኛ ግምገማ ፍርዱ እንዲሰረዝ አደረገ፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሊያም ፎክስም ፓርላማ ፊት ይቅርታ ጠየቁ።

የአደጋው ትክክለኛ ምክንያት ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። የችኮላ ፍርድ ትልቁ ጉዳትም እዚህ ላይ ነው። «የአብራሪ ስህተት» ተብሎ መዝገብ ሲዘጋ፣ አምራቹ፣ ፈቃድ ሰጪውና አዛዡ ከጥያቄ ያመልጣሉ፤ በዚያው ማሽን ነገ የሚበርሩት ደግሞ ሳያውቁ ይሳፈራሉ።

ይህ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ታሪክ አይደለም። በ2019 157 ሰዎች ካለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በኋላም ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ለመቀሰር የቸኮሉ ነበሩ። ኤምካስ የተባለው የቦይንግ ሶፍትዌር ጉድ የወጣው መጠየቅ የቀጠሉ ስለነበሩ ነው።

ሟች አይከራከርም። ስለ እሱ የሚከራከር ሲጠፋ ግን የሚጎዳው ሟቹ ብቻ አይደለም።