የራስ ዓሊ ወረቀት

ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጉት የየጁው ራስ ዓሊ፥ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2 ቀን 1849፥ የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ያመጣውን የወዳጅነትና የንግድ ውል በድንኳናቸው ተቀምጠው ሲያዳምጡ፥ ከአንቀጾቹ ይልቅ ከባለሟሎቻቸው ጋር ስለ ፈረስ ይጫወቱ እንደ ነበር ቆንስሉ ራሱ ጽፎ ትቶልናል። ንባቡ ሲፈጸም የሰጡት መልስ ግን የዝንጉ ሰው መልስ አልነበረም፤ ጽሕፈቱ መልካም እንደ ሆነ፥ ነገር ግን በዐሥር ዓመት ውስጥ አንድ እንኳ የእንግሊዝ ነጋዴ ወደ አገራቸው ይመጣል ብለው ስለማያስቡ ጥቅሙ እንዳልታያቸው ነገሩትና ውሉን ተቀበሉ።

እኔ በዚህ ነገር የምፈርደው ለራስ ዓሊ ነው። በይፋግና በጎንደር አልፎ ወደ ምጽዋ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ሰምና ቡና (መሸሸግ አይገባምና፥ ባሪያም ጭምር) ይዞ ሲጓዝ፥ በየኬላው ቀረጥ የሚከፍለው ጭነቱ በዓይን እየተቈጠረ፥ አደራውም የሚጸናው በዋስና በመሐላ ነበር። ከሰነድ የሚቈጠርለት ነገር ቢኖር በከረጢቱ ያለው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው፤ ተቀባዩ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ቈጥሮ፥ በጣቱም ዳስሶ፥ አንዲቱ ደብዝዛ ያገኛት እንደ ሆነ ብሩን አልቀበልም ይላል።

የዛሬው ባንክም ከዚያ ተቀባይ የሚለይ አይመስለኝም። ለደብረ ታቦር ነጋዴ የተገዛ ዕቃ ጅቡቲ ከመድረሱ በፊት ወረቀቱ ይቀድመዋል፦ ኢንቮይሱ የዕቃውን ዓይነትና ዋጋ ይናገራል፥ የሥሪት አገር ማስረጃው የት እንደ ተሠራ ለጉምሩክ ይመሰክራል፤ ቢል ኦፍ ሌዲንግ የተባለው የመርከብ ጭነት ሰነድ ግን ከሁሉ ይከብዳል፥ ዕቃው መጫኑን ከማረጋገጡም በላይ ዋናውን ቅጂ በእጁ ያላደረገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ሊረከብ አይችልምና። ኤልሲ የተባለውን የክፍያ ዋስትና የከፈተው ባንክ ገንዘቡን የሚለቀው ዕቃውን አይቶ ሳይሆን እነዚህን ወረቀቶች አስተያይቶ ስለ ሆነ፥ የአንድ ስም ፊደል ቢሳሳት እንኳ ክፍያው ሊቆም ይችላል።

የራስ ዓሊ ውል እንደዚህ ያለ ፍተሻ ሳይደርስበት፥ ባለቤቱ በ1853 በአይሻል በደጃዝማች ካሳ ድል ሆኑ፤ ወረቀቱም ያለ አስፈጻሚ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በ1879 የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ እዚያው ደብረ ታቦር የመጣውን እንግሊዛዊውን ጎርዶንን የባሕር በር ነገር አንሥተው ተሟገቱት፤ በጁን 3 ቀን 1884ም ዓድዋ ላይ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር በተደረገው ውል፥ የኢትዮጵያ ዕቃ፥ መሣሪያም ቢሆን፥ በእንግሊዝ ጥበቃ ያለ ቀረጥ በምጽዋ እንዲያልፍ ተፈረመ።

ከስምንት ወር በኋላ፥ በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885፥ እንግሊዝ እያወቀች የኢጣልያ ወታደሮች ምጽዋን ያዙ።