ባቡሩ ትቶት የሄደው ጸጥታ

ጸጥታ በነጻ የሚገኝ ይመስለናል። መኪና ካልመጣ፣ ሞተር ካልጮኸ፣ ጸጥታው በራሱ ጊዜ ከተፍ የሚል። እኔ ግን ዕድሜ ከሰጠኝ ትምህርት አንዱ፣ ጸጥታ እንደ ድልድይና እንደ ትምህርት ቤት የሚሠራ ነገር መሆኑ ነው። የሚሠራው አለ፣ ዋጋውን የሚከፍለው አለ፣ ቸል ካሉትም ይፈርሳል። ለዚህ የማቀርበው ምስክር ያለው በፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ በተባለው የወይን አገር ነው። ከሻሎን ከተማ ጎን ካለችው ከጂቭሪ ተነስቶ እስከ ክሉኒ የሚዘልቅ፣ 44 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የብስክሌት መንገድ። (እዚህ የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱን "ቯ ቬርት" ይሉታል፤ "አረንጓዴ መንገድ" እንደ ማለት ነው። የተከፈተው በ1997 ሲሆን በአገሩ ከዚህ ዓይነት መንገዶች ቀዳሚ ነው ይባልለታል። መኪና አይገባበትም። ግራ ቀኙ ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ ወይን፣ ወይኑ መሀል የድንጋይ መንደር። የሚገርመው ታዲያ አገሩ እንደዚያ ኮረብታማ ሆኖ ሳለ መንገዱ አለማስለክለኩ ነው። ብስክሌት ነጂው ወገቡን ሳይዝ፣ ላብ ሳያጠምቀው ሽው ይላል። ለምን ቢባል፣ መንገዱ ድሮውንም የተሠራው ለብስክሌት አልነበረም። ለባቡር ነው።

የእንፋሎት ባቡር ሸክም ላይ ጀግና፣ ዳገት ላይ ሰነፍ ነው። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታላ! ስለዚህ መሐንዲሱ ኮረብታውን ይቆርጥለታል፣ ሸለቆውን ይሞላለታል፣ ይህም ካልሆነ ተራራውን ይበሳለታል። ከክሉኒ ወደ ማኮን በሚወስደው ክፍል ላይ ቧ ክሌር የተባለ 1600 ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ አለ። ዛሬ ብስክሌት ያልፍበታል፤ በብርዱ ወራት ግን ለሌሊት ወፎች ሲባል ይዘጋል። ያን ሁሉ አለት የፈለፈሉት የ19ኛው ምዕተ ዓመት ሠራተኞች፣ የልጅ ልጆቻቸው ለሽርሽር ወይ የሌሊት ወፍ ለእንቅልፍ ይጠቀምበታል ብለው እንዳላሰቡ የታወቀ ነው።

ባቡሩስ እዚያ ገጠር ምን ሊያደርግ ሄደ? እዚህ ላይ የፖለቲካ ታሪክ አለ። በ1879 ሻርል ደ ፍሬሲኔ የተባለው የሥራ ሚኒስትር ትንንሾቹን የአውራጃ ከተሞች ሁሉ ከባቡር ጋር ለማገናኘት ከ8 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አዲስ ሐዲድ የሚዘረጋ ዕቅድ አወጣ። ገና ልጅ የነበረው ሪፐብሊክ ገበሬውን "እኔም የአገሩ ሰው ነኝ" ሊያሰኘው ፈልጎ ነበር። ትርፉ አጠራጣሪ ነው ያሉ ነበሩ፤ ሆኖም ሐዲዱ በየመንደሩ ገባ። በዚህ መስመር ላይ ያለችው ሴን ዣንጉ የምትባል ትንሽ ከተማ የዘመኑን መንፈስ በስሟ ይዛ ቀርታለች። ድሮ "ሮያል"፣ ማለት "ንጉሣዊት" የሚል ቅጽል ነበራት፤ አሁን "ናሲዮናል" ናት። ለውጥ በመጣ ቁጥር የአደባባይ ስም ሲቀየር ያየ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ሰው ማኮን ደርሶ ላማርቲንን ሳያነሳ ማለፍ አይችልም። አልፎንስ ደ ላማርቲን በ1790 እዚያው ማኮን ተወለደ። እኛ የምናውቀው ገጣሚነቱንና በ1848ቱ አብዮት መሪ መሆኑን ነው። ጎረቤቶቹ የሚያውቁት ግን ዕዳ አናቱ ላይ የወጣ የወይን ገበሬነቱን ነበር። ይኸው ሰው የፓርላማ አባል ሳለ በ1838 የባቡር ነገር ሲነሳ ተነስቶ ተከራክሯል። ሐዲዱን መንግሥት ይሥራው፣ ለገንዘብ ባለቤቶች ከተሰጠ ሕዝቡ አዲስ የመሬት ከበርቴ ያፈራል ነበር የሙግቱ ፍሬ ነገር። ጊዜው ለኩባንያዎቹ አደላ። ጥያቄው ግን አልሞተም፤ "የሕዝብ መንገድ የማን ነው?" የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በዚያው ሰፈር ተመልሶ መጥቷል። እሱን ኋላ እንደርስበታለን።

ባቡር ለወይን ገበሬው በረከትም መርገምም ነበር። በርሜሉን በቀላሉ ገበያ አደረሰለት፤ መልካም። ግን የደቡቡን ርካሽ ወይንም ያው ባቡር ጭኖ ፓሪስ አራገፈው። በዚያ ላይ ከ1860ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የምትባል ከሰሜን አሜሪካ የመጣች ኢምንት ነፍሳት የወይኑን ሥር እየመጠጠች የፈረንሳይን ወይን ታደርቅ ጀመር። መድኃኒቱ የተገኘው ከራሷ ከአሜሪካ ነው። ነፍሳቷ በማትገድለው የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ መቀጠል! ዛሬ የምናየው ያ ለምለም ኮረብታ እንግዲህ "ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ" አይደለም፤ አንዴ ሞቶ በሰው ሥር የተነሳ ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ ዋጋ ሲወድቅ ገበሬዎቹ ተሰባሰቡ፤ በዚሁ መንገድ ላይ ባለችው በቡክሲ የወይን ጠማቂዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመው በ1931 ነው።

ከዚያ ወዲህ አውቶቡሱና መኪናው ትንንሾቹን ባቡሮች አንድ በአንድ ለቀሟቸው። ሐዲዱ ዛገ፤ ሣር በላው። የቀረው ቀጭን የመሬት ጭረት ነበር።

እስቲ አሁን ወደ ብስክሌቱ እንምጣ። በዚያ ዘመን ብስክሌት ሁለት ሃይማኖት ነበረው ማለት ይቻላል። አንደኛው የፍጥነት ነው፤ በ1903 የተጀመረው የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ታቦቱ ነው። ሁለተኛው የጉዞ ነው፤ የዚህኛው ሰባኪ ፖል ደ ቪቪ የተባለ የሴንት ኤቲየን የሐር ነጋዴ ነበር። ቬሎሲዮ በሚል የብዕር ስም ይታወቃል። በ1887 ስለ ብስክሌት የሚጽፍ መጽሔት አቋቋመ፤ ዕድሜ ልኩን የሰበከው አንድ ነገር ነው፤ ማርሽ። ተራ ሰው፣ ሴት፣ ሽማግሌ ዳገት እንዲወጣ ማርሽ ይለወጥለት አለ። የውድድሩ አለቆች ደግሞ "ይሄማ የደካማ ነው" ብለው ማርሽ መለዋወጫውን ከቱር ደ ፍራንስ እስከ 1937 ከልክለው ቆዩ። ዛሬ ማን እንዳሸነፈ ማንኛውንም ብስክሌት ማየት ይበቃል። ቬሎሲዮ ግን በ1930 በገዛ ከተማው ትራም ገጭቶት ሞተ። የሰላማዊ ጉዞ አባት በከተማ ትራፊክ! በ1936 የግንባሩ መንግሥት ለሠራተኛው ሁሉ ከደመወዝ ጋር የሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃድ በሕግ ሲሰጥ፣ ብዙ ወዛደር ብስክሌቱን አንስቶ አገሩን ሊያይ ወጣ። ቬሎሲዮ ግን ይህን ሳያይ አለፈ።

እንግዲህ የሞተ ሐዲድና የጉዞ ጥማት በአንድ አገር አሉ። የሚያገናኛቸው ውሳኔ ነው። በብዙ ስፍራ እንዲህ ያለው መሬት ለጎረቤት ባለመሬት እየተቆራረጠ ይሸጣል፤ አንድ ሰው ጓሮውን በሃያ ሜትር ያሰፋል፣ መስመሩም ለዘላለም ይበጠሳል። ሰንሰለት አንዷ ቀለበት ስትወልቅ ሰንሰለትነቱ አበቃ። እዚህ ግን የክፍለ አገሩ ምክር ቤት መሬቱን አንድ እንደሆነ አቆይቶ አስፋልት አለበሰው። ላማርቲን የጠየቀው ጥያቄ እንዲህ ሆኖ መልስ አገኘ።

ከዓመታት በፊት ለስብሰባ ሊዮን ሄጄ በተረፈችኝ አንድ ቀን ይህን መንገድ በኪራይ ብስክሌት ነድቼበታለሁ። የጣቢያዎቹ ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። አንዱ አጠገብ ወይኑን የሚገርዝ ሽማግሌ አገኘሁና ጸጥታውን አደነቅሁለት። እጁን ሳያቆም፣ "ለእርስዎ ጥሩ ነው። እናቴ ገበያ የምትሄደው በዚህ ባቡር ነበር፤ እኔ አሁን ሐኪም ቤት ለመሄድ ልጄ መኪናውን ይዞ እስኪመጣ እጠብቃለሁ" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጸጥታው ለእኔ ስጦታ፣ ለእሱ የተቀነሰ ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም ልክ ነን። አረንጓዴው መንገድ ባቡሩን አይተካውም፤ ባቡሩ ከሄደ በኋላ ግን መሬቱ የሕዝብ ሆኖ እንዲቀር አድርጓል። ልጆች ይሮጡበታል፣ አሮጊቶች ይንሸራሸሩበታል፤ አንድ ቀን ሐዲድ ይመለስ ቢባልም ቦታው አለ።

የዚህ ነገር ዘመድ እኛም ዘንድ አለ። ለገሀር ብለን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው "ላ ጋር"፣ ባቡር ጣቢያው፣ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። የፈረንሳይ ኩባንያ የዘረጋው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱን መስመር ይዞ ሲመጣ፣ አብዛኛው የአሮጌው ሐዲድ ክፍል ባቡር ካለፈበት ቆይቷል። ያም መሐንዲሶች ዳገቱን አለስልሰው፣ ወንዙን ተሻግረው የሠሩት ቀጭን የመሬት ጭረት ነው።

"አዲስ አበባ ላይ ብስክሌት? በዚያ ዳገት!" የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ዳገት አለ፤ ማርሽም አለ። በ2018 መጨረሻ "መንገድ ለሰው" ተብሎ በአንዳንድ እሑዶች መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ ልጆች እንዴት አስፋልቱን እንደሞሉት ያየ ያውቃል። ከ2024 ወዲህም በኮሪደር ልማት በተሠሩ ጎዳናዎች የብስክሌት መስመር ተሰምሯል። ጥማቱ አለ ማለት ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ የወል የሆነ መሬት ሥራ ሲፈታ "የማንም አይደለም" የሚል ስም በቶሎ ይለጠፍበታል፣ የማንም ያልሆነ ነገር ደግሞ ብዙም ሳይቆይ የአንድ ሰው ይሆናል። ለመቁረስ አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ፊርማ ይበቃል። መልሶ ለመቀጠል ግን ዳግም መሬት መግዛት፣ ዳግም መካስ፣ ዳግም አለት መፈልፈል ነው፤ ያንን ዋጋ ደግሞ እንደ ድሮዎቹ ሠራተኞች የሚከፍልልን አናገኝም።