አንድ ፕሮግራም ለሁለት ዐይነት ስልክ

ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ መቅደላ ይደርስ ዘንድ መንገድ መጥረግ ግድ ሆኖ ነበር። የሥራ ፍሬ ከተሠራበት ስፍራ ወጥቶ እንዲያገለግል መንገድ ይሻልና። የእጅ ስልክ ፕሮግራም ታሪክም ይህንኑ ያሳያል።

አይፎን በ2007፣ በአንድሮይድ የሚሠራው የመጀመሪያው ስልክ ደግሞ በ2008 ለገበያ ሲቀርቡ፣ የየራሳቸውን የፕሮግራም ቋንቋና መሣሪያ ይዘው መጡ። ከዚህ የተነሣ አንድን አገልግሎት ለሁለቱም ማድረስ የፈለገ ሁሉ ሥራውን ሁለት ጊዜ መጻፍ፣ ስሕተቱንም ሁለት ጊዜ ማረም ነበረበት። ባለሙያው ጥቂት፣ ገንዘቡም ውስን ለሆነበት አገር ይህ ከባድ ሸክም ነበር። ሪአክት ኔቲቭ በ2015፣ የፍላተር የመጀመሪያው የተሟላ እትም ደግሞ በ2018 ሲወጡ፣ አብዛኛው ሥራ አንድ ጊዜ ተጽፎ ለሁለቱም የሚያገለግል ሆነ።

ይሁን እንጂ ለአማርኛ ዋናው መንገድ የተጠረገው ከዚያ አስቀድሞ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ፊደል አዘጋጅ ለሆሄያቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ዩኒኮድ በ1999 በ3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት፣ እያንዳንዱ ሆሄ በየመሣሪያው የሚያገለግል አንድ ቁጥር አገኘ። ይህ ስምምነት ባይቀድም ኖሮ፣ የጋራው ፕሮግራም የደብረ ታቦርን ነዋሪ በቋንቋው ለማነጋገር በተቸገረ ነበር።

የጋራው ጽሑፍ ግን ሁሉን አይሸፍንም፤ የካሜራውና የመጻፊያ ሰሌዳው ጠባይ በየስልኩ ይለያያል። ስለዚህ ባለሙያው አንድ ጊዜ ቢጽፍም፣ ሥራውን በሁለቱም ላይ ሊፈትነው ይገባል።