የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ቡድን በ2024

የደቡብ ሱዳን የወንዶች ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ቡድን በ2024 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ ኦሎምፒክ ተሳትፏል። ሀገሪቱ ነፃነቷን ካወጀችበት ከ2011 ወዲህ በኦሎምፒክ በቡድን ስፖርት ስትወዳደር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ቡድኑ «ብራይት ስታርስ» በሚል ቅጽል ስም ይታወቃል። አሠልጣኙ ሮያል አይቪ፣ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ደግሞ የቀድሞው የኤንቢኤ ተጫዋች ሉዎል ዴንግ ነበሩ።

ወደ ፓሪስ ያለፈው በ2023 የዓለም ዋንጫ ቻይናን፣ ፊሊፒንስንና አንጎላን አሸንፎ ከአፍሪካ ቡድኖች ቀዳሚ በመሆኑ ነው።

ጁላይ 20 ቀን ለንደን ላይ በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካን እስከ እረፍት 58 ለ 44 መራ። ሆኖም የአሜሪካው ሌብሮን ጄምስ 8 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ባስቆጠረው ቅርጫት 101 ለ 100 ተሸነፈ። የደቡብ ሱዳኑ ካርሊክ ጆንስ በዚህ ጨዋታ 15 ነጥብ፣ 11 ሪባውንድና 11 አሲስት አስመዝግቧል።

በኦሎምፒኩ ምድብ ሐ ያገኛቸው ውጤቶች፦
• ጁላይ 28፦ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፈ
• ጁላይ 31፦ በአሜሪካ 103 ለ 86 ተሸነፈ
• ኦገስት 3፦ በሰርቢያ 96 ለ 85 ተሸነፈ

የመጀመሪያው ጨዋታ ሊጀመር ሲል በስሕተት የሱዳን ብሔራዊ መዝሙር ተሰማ፤ ተጫዋቾቹ ግን የራሳቸው መዝሙር እስኪዘመር ጠብቀው ታሪካዊውን ድል ተቀዳጁ። ቡድኑ ከምድቡ ባያልፍም፣ ብዙዎቹ ከስደተኛ ቤተሰብ የወጡት ተጫዋቾቹ በጦርነት ለቆሰለችው ሀገራቸው የጋራ ኩራት ሆነዋል።