የቁም ጸሐፊ እጅ

የብራና መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ዕድሜውን ጽፎ አይሰጥም። ጸሐፊው ስሙን ቢጽፍ እንኳ ዓመቱን ይተዋል፤ ዓመቱን ጽፎ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ቅጠል ተቀዶ ወይም በጢስ ጠቁሮ ይገኛል። ያን ጊዜ የሚመሰክረው ፊደሉ ራሱ ነው። እኔ ቁም ጽሕፈት የተማርኩት በደብረ ታቦር አካባቢ፣ እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች ሁሉ «የኔታ» እያልኩ ከምጠራቸው አጎቴ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጬ ያረጁ መጻሕፍትን እጠግናለሁ፣ እጠርዛለሁ። አንድ መጽሐፍ ሲመጣልኝ አስቀድሜ የማየው ሐረጉን ወይም ሥዕሉን ሳይሆን የዐ፣ የወ እና የመ ክቦችን ነው። ክቦቹ ማዕዘን ካላቸው ዘመኑ ይርቃል፤ ከዞሩ ይቀርባል። የአገራችን ታሪክ በእነዚህ ትንንሽ ክቦች ውስጥ አልፏል ብዬ አምናለሁ።

መነሻው ድንጋይ ነው። የግእዝ ፊደል ከደቡብ ዐረብ ፊደል የወጣ ሲሆን በጥንቱ ልማድ ያለ አናባቢ ይጻፍ ነበር። ንጉሥ ኢዛና አክሱም ላይ በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ ግእዙ ገና እንዲህ ነው። በዚያው ንጉሥ ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትን የሚለዩ ምልክቶች ፊደሉ ላይ ተቀጠሉ። 26 የነበረው መሠረታዊ ቅርጽ 182 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቁም ጸሐፊ የሚባለው እነዚህን ሁሉ በአንድ ቁመትና በአንድ ውፍረት ማስኬድ የሚችል ሰው ነው።

ዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትን ወንጌሎች ብዙ ተመራማሪዎች ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የማይቀድሙ አድርገው ይገምቷቸው ነበር። ብራናው በካርቦን ሲመረመር ግን ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ። ከእነርሱ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የተረፈልን እጅግ ጥቂት ነው። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጻሕፍቱ እንደገና ሲታዩን ፊደላቸው ትልቅ፣ ወፍራምና ባለ ማዕዘን ነው፤ ዐ ሦስት ማዕዘን ሆና ትቆማለች። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ1273 ዓ.ም. ያጻፉት ወንጌል የዚህ ዘመን ልጅ ነው። በውስጡ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል፤ ስለዚህ የአንድ ገዳም ቤተ መጻሕፍት እንዴት እንደተጀመረ ከራሱ መጽሐፍ እናነባለን።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጻሕፍት በዙ፤ ክርክሩም በዛ። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ተጣልተው የተሰደዱት፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በትግራይ ምሥራቅ፣ ጉንዳ ጉንዶ በሚባለው አስቸጋሪ ስፍራ ገዳማቸውን አጸኑ። እዚያ የተጻፉት መጻሕፍት በጥንቁቅ እጃቸውና በሥዕላቸው ዘይቤ ከሌላው ተለይተው ይታወቃሉ። ተሰድደው፣ ተገርፈው እንኳ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። ለእኔ የቁም ጽሕፈት ክብር ከዚህ በላይ ምስክር አይፈልግም።

የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ከነመጻሕፍታቸው አቃጠለ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን የዜማ ምልክት እንደሠሩ ይነገራል። ይህ ለጸሐፊው አዲስ ፈተና ነበር። ድጓ ጸሐፊ የቃሉን ፊደል ከጻፈ በኋላ ከበላዩ በጣም በቀጠነ ብዕር የዜማውን ምልክት ያሰፍራል፤ መስመሮቹንም አስቀድሞ አራርቆ ማበጀት አለበት። ሁለት ብዕር፣ ሁለት ዓይነት እጅ ይጠይቃል።

ጎንደር ከተቆረቆረች በኋላ፣ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ጉልሕ የሚባለው ጽሕፈት ገነነ። ፊደሉ ትልቅ፣ ክብ፣ የተዘረጋ ነው፤ ከሩቅ ይነበባል። ወደ ዘመነ መሳፍንት ሲጠጋ ረቂቁ ተስፋፋ፤ ፊደሉ ቀጠነ፣ አነሰ፣ ተጠጋጋ። ረቂቅ እጅ በአንድ ቆዳ ላይ ብዙ ቃል ያስገባል፤ ጉልሕ ግን ዓይን ያሳርፋል። የኔታ ሁለቱንም ይጽፉ ነበር፤ ተማሪን የሚያስጀምሩት ግን በጉልሕ ነው። ከሁሉ አስቀድመው ያስጻፉኝ እግር ያላቸውን ፊደላት ነበር፤ ለ፣ በ፣ ከ፣ አ። «እግሩ ካልቆመ ፊደሉ ያነክሳል» ይሉ ነበር።

ይህ ሁሉ የተጻፈው ያለ ጠረጴዛ፣ ጉልበት ላይ ነው። ብራናው በአብዛኛው የፍየል ቆዳ ነው፤ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፣ በድንጋይ ይለሰልሳል። ከአንድ ቆዳ የሚወጣው ቅጠል ጥቂት ስለሆነ ለትልቅ መጽሐፍ ብዙ ፍየል ይታረዳል። መስመሩ በቀለም አይሰመርም፤ ጠርዙ በወስፌ ይበሳና ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ በሹል ነገር ተጭኖ ይታተማል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ተደልዞ ይከርማል፤ መሬት ላይ በተተከለ ቀንድ ይቀመጣል። ብዕሩ መቃ ነው፤ የአፉ ስፋት የፊደሉን ውፍረት ይወስናል።

ለቀዩ ቀለም ጸሐፊው ባዶ ቦታ እየተወ ይሄዳል፤ የቅዱሳንን ስም፣ የመጽሐፉን ባለቤት ስምና የምዕራፍ መጀመሪያን በኋላ ተመልሶ ይሞላል። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ የፊተኛው ባለቤት ስም ይፋቅና የአዲሱ በላዩ ይጻፋል። ዳዊት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ በአንድ መስመር ያልቃል። አልበቃ ካለ የተረፉት ፊደላት ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች ተደርበው ይቀመጣሉ እንጂ ወደሚቀጥለው መስመር አይወርዱም። ወንጌል ግን በሁለት ዐምድ ይጻፋል።

በመጽሐፉ መጨረሻ ጸሐፊው ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው ምሕረት ይለምናል፤ የሰረቀውን ወይም የፋቀውን ደግሞ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዛል። ውግዘቱ ግን መጻሕፍቱን ሁልጊዜ አላዳነም፤ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አሰባስበው ያከማቿቸው መጻሕፍት በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቁ። ወደ 350 የሚጠጉት ለንደን ገቡ፤ ዛሬም እዚያው በብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ። በብዙዎቹ የተጻፈው የሚመለሱበት ደብር ስም ነው። እነዚህ መጻሕፍት ወደ አገራቸው ሊመለሱ ይገባል።

የግእዝ ፊደል በእርሳስ ተቀርጾ መጀመሪያ የታተመው ሮም ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1513፣ በዳዊት ነው። ለቁም ጸሐፊው ግን ትልቁ ለውጥ የመጣው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ነው። ኅትመቱ ንባብን ለብዙ ሰው አደረሰ፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ያም ሆኖ የየአገሩንና የየዘመኑን እጅ ወደ አንድ መልክ ሰበሰበው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን በዝርዝራቸው ላይ አሳለፉ። ፎቶግራፍ ግን ቃሉንና መልኩን ያቆያል እንጂ እጁን አያስተላልፍም፤ እጅ የሚተላለፈው ከመምህር ወደ ተማሪ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። የአያትህ ዳዊት ቤትህ ካለ ቅጠሉን እየነቀልህ ለቱሪስት አትሽጥ፤ የተነቀለ ቅጠል ዘመኑንም ደብሩንም ያጣል። የኮምፒዩተር ፊደል የምትቀርጹ ልጆች፣ ከመቅረጻችሁ በፊት የሐይቅን፣ የጉንዳ ጉንዶንና የጎንደርን እጅ አጥኑ፤ ከአንድ በላይ ውበት አለን። የአብነትና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶችም ገና በሕይወት ያሉትን ቁም ጸሐፊዎች በደመወዝ ቀጥረው ተማሪ ይስጧቸው። ይህ ዛሬ ይቻላል፤ መምህራኑ ካለፉ በኋላ አይቻልም።